የቢራና የቺዝ ምሽት በሰፈራችን ጠማቂ ቤት፦ የእኛ አይብ እዚያ ገበታ ላይ ይቆማል?

የሮኪው ሰው (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

በዚህ መድረክ ስለ ቢራ በተነሣ ቁጥር ወሬው «ጊዮርጊስ ይሻላል፣ የለም ሐረር ይሻላል» ከሚለው ስለማያልፍ ዛሬ ለየት ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሐሙስ ማታ ከባለቤቴ ጋር በሰፈራችን ባለ አነስተኛ የቢራ ጠማቂ ቤት በተዘጋጀ የቢራና የቺዝ ምሽት ላይ ነበርን። አምስት ዓይነት ቢራ በትንንሽ ብርጭቆ፣ አምስት ዓይነት ቺዝ በእንጨት ገበታ ቀረበልን። ጠማቂውና ቺዝ ነጋዴዋ እየተፈራረቁ የትኛው ከየትኛው ጋር ለምን እንደሚስማማ ያስረዱ ነበር።

ዴንቨርና አካባቢዋ የቢራ አገር መሆናቸውን እዚህ የምትኖሩ ታውቃላችሁ። ሴናተር ጆን ሂከንሉፐር እንኳ ወደ ፖለቲካው ከመግባታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ መሀል ዴንቨር ላይ ጠማቂ ቤት ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። ነገሩ የጥንት አይምሰላችሁ፤ አሜሪካዊ በቤቱ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደለት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ሕጉን ከፈረሙ በኋላ ነው። እናቶቻችን ጠላቸውን ሲጠነስሱ የማንንም ፊርማ አልጠበቁም።

መጀመሪያ የቀረበው የስንዴ ቢራ ከፍየል ቺዝ ጋር ነበር። ቺዙ ለጋ፣ ነጭና እርጥብ ሆኖ ቢላዋ ሲነካው ይፈርሳል፤ ቆምጠጥም ይላል። ደፍረስ ያለው የስንዴ ቢራ ሲከተለው ኮምጣጣነቱ ለዘብ አለና የወተቱ ጣፋጭነት ከኋላ ብቅ አለ። ባለቤቴ ወዲያው «ይኼ የእኛ አይብ ነው እኮ» አለች። ቀጥሎ ብሪ ከፒልስነር ጋር መጣ፤ ደኅና ነው፣ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ሦስተኛው ብዙ የተወራለት ነበር፦ መራራው አይፒኤ ከጠንካራ ቼዳር ጋር። ጠማቂው «የምሽቱ ንጉሥ» ብሎ አስተዋወቀው። አልተስማማሁም። ቢራው ብቻውን ግሩም ነው፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለው። ቼዳሩም ብቻውን ግሩም ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጮክ ብለው የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡ መሰለኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አራተኛው ነው፦ ቡናማ ኤል የተባለ ቢራ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ፣ ጎዳ ከሚባል ቺዝ ጋር። ጎዳ ሲቆይ ቀለሙ ወደ ካራሜል ይጠጋል፤ ውስጡ ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሹ ነጫጭ ቅንጣቶች አሉት። ብዙ ሰው ጨው ይመስለዋል፤ ነጋዴዋ እንደነገረችን ግን ፕሮቲኑ በጊዜ ብዛት ሲፈራርስ የሚወጣ ታይሮሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቢራው ደግሞ የተቆላ ብቅል ነው። አሻሮ ሲቆላ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ የምታውቁ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ቺዙን አላምጬ ሳልጨርስ ቢራውን ስከትልበት አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ።

በመጨረሻ ሰማያዊ ሻጋታ ያለው ቺዝ ከባርሊ ዋይን ጋር መጣ፤ አልኮሉ 10 በመቶ የሚደርስ፣ ወፈር ያለ፣ ጣፋጭ ቢራ ነው። አጠገባችን የተቀመጡት አሜሪካዊ ባልና ሚስት በጣም ወደዱት። ባለቤቴ ሽታው ገና ሳይደርስባት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

አሁን ጥያቄዬ። ቺዝ ነጋዴዋ ከየት እንደሆንን ስትሰማ «በእናንተ አገር ምን ዓይነት ቺዝ አለ?» አለችን። ባለቤቴ አይብ ከአሬራ እንዴት እንደሚወጣ አስረዳቻት። «የሚቆይስ የላችሁም?» ስትል ሁለታችንም የምንጠቅሰው አጣን። ስንወጣ «በሚቀጥለው ጊዜ አይባችሁን ይዛችሁልኝ ኑ» አለችን። እስቲ የምታውቁ ንገሩን፦ አይብ ከምን ዓይነት ቢራ ጋር ይሄዳል? እንዲህ ያለ ምሽት በቤቴ ለዘመድና ለጓደኛ ላዘጋጅም አስቤያለሁ፤ ያዘጋጃችሁ ካላችሁ አካፍሉኝ።

አምስት ኪሎ (አዲስ አበባ)

አዲስ አበባም ቢሆን ቦሌ ላይ ጋርደን ብሮይ አለልን፤ ሳይጣራ የሚቀዳ ብሎንዲና ጥቁሩ ኢቦኒ። ቺዝ ከጎኑ አስቀምጦ የሚያስረዳህ ባይኖርም ቢራው እዚያው ተጠምቆ እዚያው ይጠጣል።

ግን አንድ ነገር ልበል። ክትፎ ቤት ገብቶ ክትፎውን ከአይብና ከጎመን ጋር እየጎረሰ ቀዝቃዛ ቢራ የሚከተልበት ሰው ምን እያደረገ ነው? ቅቤው አፍ ላይ ሲለጥፍ ቢራው ያጥበዋል፤ ሚጥሚጣው ሲያቃጥል አይቡ ያበርደዋል። ይኼ ማጣመር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኛ በየተራ እየቀመስን አስተያየት አንሰጥም እንጂ ሥራውንስ ከጀመርነው ቆይተናል።

ጋሼ ነኝ (ዋሽንግተን ዲሲ)

ስንት አስከፈሏችሁ? ጽሑፉ ሁሉን ተናግሮ ዋጋውን ዘለለ።

የሮኪው ሰው

ጋሼ፣ ለአንድ ሰው 45 ዶላር፣ ጉርሻ ሳይጨምር።

ጋሼ ነኝ

ለሁለት 90 ዶላር፣ ያውም ሆድ ለማይሞላ ነገር። በዚያ ገንዘብ እዚህ እኔ ሰፈር ለአራት ሰው በየዓይነቱ ተበልቶ፣ ቢራ ተጠጥቶ፣ ቡና ተፈልቶ ይመለሳል። ሰውየው ቁራጭ ቺዝ ሰጥቶህ ግማሽ ሰዓት ሲያወራልህ የከፈልከው ለወሬው ነው። ደግሞ ሻጋታ ያበቀለውን ገንዘብ ከፍሎ መብላት! በእኛ ቤት እንጀራ ሲሻግት ይጣላል።

ብቅል ቆጣሪ (ጌንት፣ ቤልጅየም)

ጋሼ፣ ወሬውም ቢሆን ዋጋ አለው፤ እኔ የምኖረው በእርሱ ነው። ጠማቂ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ እንዲህ ያለውን ምሽት ራሴ የማስተናግድበት ጊዜም ብዙ ነው።

ቺዝ ስብና ጨው የበዛበት ነገር ነው። ስቡ ምላስ ላይ ይነጠፍና ቀጥሎ የሚመጣውን ጣዕም ይጋርዳል። የቢራው አረፋና ምሬት ያንን ስብ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። ጨው ደግሞ በበኩሉ ምሬትን ያደበዝዛል። ወይን ከቺዝ ጋር የሚወዳጀውን ያህል ብዙ ጊዜ የሚጣላውም አረፋ ስለሌለውና ቀዩ ወይን ደግሞ አፍ ስለሚያደርቅ ነው። አራተኛው ጥምረት የያዘህ ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው፦ ብቅል ሲቆላ የሚፈጠረው የካራሜልና የለውዝ ጣዕም በቆየ ጎዳ ውስጥም አለ። ሁለቱ አይታገሉም፣ ይደራረባሉ።

ስለ አይፒኤው ግን ጠማቂውን ልከላከለው ነው። አይፒኤና ቼዳር የተፈተነ ጥምረት ነው። የተራ ላገር ምሬት በዓለም አቀፉ መለኪያ ከ10 እስከ 20 አካባቢ ሲሆን አይፒኤ ከ40 እስከ 70 ይደርሳል። ያን ያህል ምሬት የሚሸከም ስብና ጨው ያለው ቺዝ ያስፈልገዋል፤ ጠንካራ ቼዳር ደግሞ ሁለቱም አሉት። ካልተስማማህ የምጠረጥረው ሙቀቱን ነው። ቺዙ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ነበር የቀረበላችሁ? ቺዝ ቀዝቃዛ ሲሆን ስቡ ይደርቃል፣ ሽታው ይታፈናል፣ የሚቀርህ ጨውና መጎምዘዝ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣት አለበት። ጥቁርና ጠንካራ ቢራም እንዲሁ፤ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው አፉን የሚፈታው።

አሁን ወደ አይብ። ሁላችሁም የዘነጋችሁት አንድ ነገር አለ፦ አይብ ቅቤው አስቀድሞ ወጥቶለታል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ይነሣል፣ የቀረው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ስለዚህ አይብ ፕሮቲንና ለስላሳ ኮምጣጣነት እንጂ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጨውም የለውም። የሚታጠብ ስብ ከሌለ መራራው ቢራ የሚይዘው ያጣና ምሬቱ ምላስህ ላይ ብቻውን ይቀራል። አይፒኤን ከአይብ አርቁት። የስንዴ ቢራ፣ ወይም በእኛ አገር በቤልጅየም ደቡብ ገጠር የተወለደው ሳይሰን የተሻለ ነው። (በእኛ አገር አልኩ? ዘመኑ ረዝሟል ማለት ነው።)

ለገዳም ወዳጆች ደግሞ ይህን ላክልላችሁ፦ እዚህ ስኩርሞን የሚባል የትራፒስት (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ገዳም አለ፤ መነኮሳቱ እ.ኤ.አ. በ1850 ሰፈሩ፣ በ1862 ቢራ መጥመቅ ጀመሩ፣ በ1876 ቺዝ መሥራት ቀጠሉ። ሺሜ በሚል ስም የሚሸጠው ቢራና ቺዝ የእነርሱ ነው፤ ከቺዙ ዓይነቶች አንዱን ሲያቆዩት ቅርፊቱን በዚያው ቢራ ያጥቡታል። ቢራና ቺዝ በአንድ ገዳም ስም ሲወጡ አሰናኝ አያስፈልጋቸውም።

መሪ ጨባጭ (ዴንቨር)

እኔ ስለ ጣዕሙ አላውቅም፣ ስለ መመለሻው ግን ልናገር። እንዲህ ካለ ቤት በየሳምንቱ ሰው አሳፍራለሁ። «ቅምሻ ነው፣ አልጠጣሁም» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዷ ብርጭቆ 120 ሚሊ ሊትር ብትሆን አምስቷ 600 ሚሊ ሊትር ናት፤ አንዱ ደግሞ 10 በመቶ ነው ብለሃል። በአሜሪካ መለኪያ ሲሰላ ከሁለት መደበኛ መጠጥ ያልፋል፤ ሁለተኛ ዙር የሚቀዳለትም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ ሰው በደሙ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ሲደርስ ብቻ የሚከሰስ ይመስለዋል። ከ0.05 ጀምሮ ቀለል ያለው ክስ አለ። የታክሲ ፈቃድ ላለው ሰው ደግሞ ቀለል ያለ ክስ ብሎ ነገር የለም።

የሮኪው ሰው

ወንድሜ፣ ተባረክ። የነዳችው ባለቤቴ ናት፤ ባርሊ ዋይኑም ቺዙም እኔ ሆድ ውስጥ ነው የቀሩት።

ብቅል ቆጣሪ፣ ስለ ሙቀቱ ያልከው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ጎዳው ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቆይቶ ነው የደረስንበት፤ ቼዳሩን ግን አስተናጋጁ ከውስጥ አምጥቶ ነው የቆረጠልን። ሆኖም ያንን ሁሉ ሰምቼም ከጎዳው አላስበልጠውም።

የዳሞት ልጅ (ባሕር ዳር)

ነጋዴዋ «የሚቆይስ?» ስትላችሁ መልስ አጣን ያላችሁት ከነከነኝ። መጣጣ አይብን ረስታችሁ ነው? ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ በኩል፣ አይብ ይቆያል፤ ያውም ያለ ማቀዝቀዣ።

የእኛ ቤት እንዲህ ነበር የሚሠራው። አይቡ አጓቱ በደንብ ይጠለልለታል፤ እርጥበት ከቀረበት ይበላሻል። ከዚያ በታጠነ ቅል ይገባና በየጊዜው ተጨማሪ አይብ እየታከለበት፣ የሚወጣው ውኃ እየተንጠፈጠፈ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድ ተወቅጦ ይገባበታል። አያቴ ቅሉን ከፍታ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ትንሽ አውጥታ እጄ ላይ ስታደርግልኝ ቀለሙ ከነጭ ወደ ቡኒ አዘንብሎ፣ ልስልስ ብሎ፣ ሽታው ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ይታወቅ ነበር። ምላስ ላይ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ቅመሙ ቀስ እያለ ይመጣል። ለክቡር እንግዳ እንጂ ለልጅ በማንኪያ የሚሰጥ ነገር አልነበረም።

ጋሼ፣ እንጀራው ሲሻግት ይጣላል ያሉት ልክ ነው። መጣጣው ግን በቅል ውስጥ ሲብላላ «ተበላሸ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ፈረንጁም ሻጋታውን መርጦ ነው የሚያሳድገው፣ ዝም ብሎ የበቀለውን አይደለም የሚበላው።

ከምን ጋር ይጠጣል ላላችሁት፣ መልሱ ጠላ ነው። ጋኑ በወይራ ታጥኗል፣ ቅሉም በወይራ ታጥኗል፤ ጭሱ ከጭሱ ጋር ይገናኛል። ሆፕም (የፈረንጅ ቢራ ማምረሪያው አበባ) ስንዴም አያስፈልገውም።

ብቅል ቆጣሪ

ይኼን የመሰለ መልስ ነው የምፈልገው። ጠላ የማይገኝበት አገር ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ጀርመን ውስጥ ባምበርግ የምትባል ከተማ ብቅሉን በቢች እንጨት ጭስ የሚያደርቁ ጠማቂዎች አሏት። ቢራው ራውክቢየር ይባላል፤ አሜሪካም በልዩ መደብሮች ይገኛል። መጀመሪያ የቀመስኩ ዕለት ትዝ ያለኝ የጠላ ቤት ነው። ከመጣጣ ጋር ባላውቀውም ከቆየና ከታጠነ ቺዝ ጋር ሲስማማ አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ጌሾና ሆፕ ሥራቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም ያመራሉ፣ ሁለቱም መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛሉ። አሠራራቸው ግን ይለያያል። ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው ሲፈላ ነው፤ ጌሾ ደግሞ ጥንስሱ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀስ በቀስ ይለቃል። ለዚህም ነው እናንተ ዴንቨሮች ሆፕ የምታበዙት፦ 1,600 ሜትር ላይ ውኃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሆፑም ምሬቱን በሙሉ አይሰጥም። አዲስ አበባ ከዚያም ትበልጣለች። ጌሾ ግን ከፍታው ስንት እንደሆነ አይጠይቅም።

የዳሞት ልጅ

ጌሾ ቀስ በቀስ ይለቃል ያልከው እንደ ቅጠሉና እንደ እንጨቱ ነው። ቅጠሉ ቶሎ ይለቃል። እናቶችን ጠይቅ።

ብቅል ቆጣሪ

ተቀብያለሁ።

ሸገር ሻይ (ሚኒያፖሊስ)

ጽሑፉን ሁሉ አንብቤ ቺዙ አምሮኛል፤ ግን አልኮል አልጠጣም። እንዲህ ያለ ምሽት ላይ ብገኝ ከቺዙ ጋር ምን ይሰጡኛል? ደግሞ ቺዝ ሲረጋ የሚጨመረው ነገር ከጥጃ ሆድ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?

ጠጅ ሳር (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እውነት ነው፤ ብዙ ባህላዊ የአውሮፓ ቺዞች የሚረጉት ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ሬኔት ነው። ከተክልና ከረቂቅ ሕዋስ የሚወጣም አለ። ማሸጊያው ላይ «ለአትክልት ተመጋቢዎች የሚሆን» የሚል ካለ ከእንስሳ ያልወጣ ነው። አይብ ግን ምንም አይጨመርበትም፤ የሚያረጋው ኮምጣጣነቱና እሳቱ ብቻ ነው። ስለዚህም ነው አይብ መጥበሻ ላይ ብታደርጊው የማይቀልጠው።

ለመጠጡ፣ እዚህ ብዙ ጠማቂዎች የሆፕ ውኃ የሚሉትን ያቀርባሉ፤ አልኮልም ስኳርም የሌለው፣ አረፋና የሆፕ ሽታ ያለው ውኃ ነው። ከፍየል ቺዝ ጋር በጣም ይሄዳል። ለቆየ ጎዳ ግን ጥቁር የማልት መጠጥ ፈልጊ፣ የተቆላው ብቅል እዚያም አለ። ወተት ሆድሽን የሚነፋሽ ከሆነም አትፍሪ፤ ለረጅም ጊዜ በቆየ ቺዝ ውስጥ የወተቱ ስኳር አልቆ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ የሮኪው ሰው ጥያቄ ልምጣ። ምግብ ማዘጋጀት ሥራዬ ነው፤ ለማኅበራችን እንዲህ ያለ ምሽት አዘጋጅቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቺዙ ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ አይሆንም፤ ቢራው ቢፈቀድም ቺዙ ጾም ያስገድፋል። ጠማቂ ቤቱ ሐሙስ ማድረጉ ለእናንተ ዕድል ነው። ከሁሉ የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው፦ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም የትኛውም ቀን ይሆናል፤ ሰዉም ከሁለት ወር ጾም ወጥቶ የወተት ነገር አምሮታል። ነቢያት፣ ሐዋርያትና ፍልሰታ እንዳይገቡብህ የቀን መቁጠሪያውን አይተህ ጥራ።

ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ ቺዝ 30 ግራም ይበቃል። ሰው «ይኼ ብቻ?» ይላል፤ በአምስተኛው ላይ ግን የሚተርፍ አለ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂድ፣ ሰማያዊው ምንጊዜም መጨረሻ ይሁን፤ እርሱ ከቀደመ ከዚያ በኋላ የሚቀመስ ነገር የለም። በብስኩት ፋንታ ድፎ ዳቦ ቆርጬ አቅርቤ ነበር፤ ኮባ ላይ የተጋገረ ስለሆነ የራሱ ሽታ አለው፣ ከቡናማ ኤል ጋር ተወደደ። እንጀራ አልመክርም፤ የእርሱ ኮምጣጣነት ከቺዙ ጋር ይሻማል።

አይቡን በሦስት መንገድ ሞክሬዋለሁ። ባዶውን ከስንዴ ቢራ ጋር ብቅል ቆጣሪ እንዳለው ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ቶሎ ይረሳል። በሚጥሚጣ ለውሼ ከአይፒኤ ጋር ሳቀርበው እንግዶቼ ውኃ ለመኑ። ሆፑና አልኮሉ ቃሪያውን ያባብሱታል፤ ምሬትና ማቃጠል አንድ አፍ ውስጥ ሲገቡ ይረዳዳሉ። ሦስተኛው ነው የሠራው፦ አይቡን ኮሰረትና ኮረሪማ በገባበት በተነጠረ ቅቤ ለወስኩት፣ ጨው ጨመርኩበት፣ ትንሽ በሶብላ ነሰነስኩበት። ያኔ ስብም ጨውም አገኘ፤ ቡናማው ኤል ያዘው። የእኛ አይብ እዚያ ገበታ ላይ ይቆማል ወይ ላልከው፣ ቅቤው ሲመለስለት ይቆማል።

ሰማያዊውን ደግሞ ከባርሊ ዋይን ይልቅ ከጠጅ ጋር ስጣቸው። ማርና ሰማያዊ ቺዝ የቆየ ወዳጅነት አላቸው፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ጣፋጭነቱ እንዳይሰለች ይጠብቀዋል። ደረቅ ያለው ጠጅ ሳይሆን ብርዝነት ያልለቀቀው ይሁን።

አምስት ኪሎ

ቅቤው ሲመለስለት ይቆማል! እኔ ስለ ክትፎ ያልኩትም ይኼንኑ ነው።

ጋሼ ነኝ

ጠጅ ሳር፣ ልጄ፣ ቀን ስለመምረጥ የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። የዚህ አገር ልጆች ግብዣ ሲጠሩ ዓርብ ይጠሩና እኛ ሽማግሌዎች ሰላጣ ስንበላ እናመሻለን። ጠጁም ጥሩ ሐሳብ ነው። ያው ሻጋታውን በጠጅ ማውረድ ከሆነ አንድ ጊዜ ልሞክረው እችላለሁ።

መሪ ጨባጭ

ጋሼ፣ ጠጅም ይቆጠራል። አልኮሉ ከብዙ ቢራ ይበልጣል።

የሮኪው ሰው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሰንኩት ይኼው፦ ለጋ አይብ ከስንዴ ቢራ ጋር፣ ከዚያ ጠጅ ሳር ባለችው መንገድ የተለወሰ አይብ ከቡናማ ኤል ጋር፣ ቀጥሎ የቆየ ጎዳ ከራውክቢየር ጋር፣ በመጨረሻ ሰማያዊው ከጠጅ ጋር። አይፒኤውን አውጥቼዋለሁ፤ ብቅል ቆጣሪ ይቅር ይበለኝ። ለሚነዱና ለማይጠጡ የሆፕ ውኃና የማልት መጠጥ ይኖራል። መጣጣውን የሚያመጣልኝ አላገኘሁም፤ ለነጋዴዋ ግን ሄጄ ነግሬያታለሁ። ቅል ምን እንደሆነ በስልኬ ሥዕል አሳየኋት፤ የዳሞት ልጅ የጻፈውን ቅመም በዝርዝር ጽፋ ይዛለች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እዚህ አይብ ከየት ላምጣ? የሐበሻ መደብሮች የሚሸጡት አንዳንዴ ከሪኮታ የተቀላቀለ ነው።

ጠጅ ሳር

ራስህ አውጣው፤ ቀላል ነው። ከሱፐርማርኬት «በተርሚልክ» የሚባለውን ኮምጣጣ ወተት ግዛ፣ ጨው የሌለበቱን ምረጥ። ወፍራም ድስት ላይ አድርገህ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ጣደው። አታማስለው፤ ካማሰልከው ይደቅና እንደ ገንፎ ይሆናል። ዳር ዳሩ ከድስቱ መለየት ሲጀምርና ቢጫ አጓት ሲወጣ እሳቱን አጥፍተህ እዚያው ይቀዝቅዝ። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ አጥልለው፤ ከኤል ጋር ለሚቀርበው ሌሊቱን በሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንጠልጥለህ አሳድረው፣ ለስንዴ ቢራው ግን ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። አጓቱን አትድፋው፤ ድፎውን የምትጋግሩ ከሆነ ሊጡን በእርሱ አቡኩት።